ዶማሽን እወርሳለሁ

ምላሴ ከልጅነቴ ጀምሮ የታወቀ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይቺን ልጅ የሚያገባ ጆሮውን ደፍኖ ይግባ» ትል ነበር። ባሌ ግን የወደደኝ ለምላሴ ሲል ነው፤ የሱ ቤተሰብ ከማይ ኔትሳይ፣ ከኔትሳይ እናት፣ ባል ቤተሰብ ጋር ሳህዊራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ተናጋሪ ሴት ያስፈልጋቸው ነበር።

ሳህዊራ ከቅድመ አያት ጀምሮ የተያያዘ የቀልድ ወዳጅ ነው። ሌላው የማይደፍረውን ይልሃል፤ አትቆጣም። ድስትህን ከፍቶ ይበላል፤ አትቆጣም። ስትሞት ልብስህን ለብሶ፣ አካሄድህን ሄዶ፣ ለቀስተኛውን የሚያስቀው እሱ ነው። ሳህዊራው ያልቀለደበት ሰው በወጉ ተቀበረ አይባልም። ማይ ኔትሳይና እኔ በዚህ ነው የተሳሰርነው፤ በኋላ ግን ማን አሰረን ብለን የምንጠይቅ ሴቶች አልነበርንም።

ከቺቱንግዊዛ ከተማ በታች ባለው ረግረግ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን አትክልት አብቅለናል። የሷ መደቦች ካለቁበት የኔ ይጀምራሉ። በመሃላችን አጥር የለም፤ ያለው ሁለታችንም የምንቀዳበት አንድ ጉድጓድ ነው። ጠዋት ሰላምታ ሳይቀድም ስድቡ ይቀድማል።

«አንቺ ሳህዊራ፣ ጎመንሽ ዛሬም የታመመ ሰው መስሏል!» እላታለሁ።

«ያንቺን ደግሞ ፍየል አይታው ጾም ነኝ ብላ አለፈች» ትለኛለች።

ከላይ በኩል የሚሠሩት ገበሬዎች እኛን ለመስማት ሲሉ ዶማቸውን ተደግፈው ይቆሙ ነበር። እኛም እንደሚሰሙን እናውቃለን፤ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን።

ያለፈው ኦክቶበር ግን ለቀልድም አልተመቸ። ሙቀቱ ከሌላው ዓመት የባሰ ነበር። ጃካራንዳው አበባውን ሳይጨርስ ጠወለገ። ጉድጓዱ ወርዶ ባልዲው ግማሹን ጭቃ ይዞ ይወጣል። ጎመኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተኝቶ፣ ቀና የሚለው ፀሐይ ስትገባ ነው። መደቡን በደረቅ ሣር ሸፈንን፤ ለችግኞቹ በአራት ችካል የሣር ዳስ ሠራንላቸው። ጠዋት ከፀሐይ በፊት፣ ማታ ከአሥር ሰዓት በኋላ እናጠጣለን። የቲማቲም ችግኝ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ሦስተኛ ጊዜ ካልረጩት በቀር አይተርፍም። የማይ ኔትሳይ ውሃ ማጠጫ ሥሩን በሚስማር የበሳሳችው የቀለም ቆርቆሮ ነበር። «ስትሞቺ አብሬ እቀብርልሻለሁ» እላት ነበር።

ያን ቀን፣ ሐሙስ ነው፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ላይ ከጎነበሰችበት ቀና ብላ ወገቧን ያዘች።

«ሳህዊራ፣ ዛሬስ ይቺ ፀሐይ ልትገድለኝ ነው መሰለኝ» አለችኝ። «ራሴን እያዞረኝ ነው። የቀሩኝን ሦስት መደቦች አጠጪልኝና ቤቴ ልግባ፣ አፈር ስሆን።»

ምን አልኳት? ለሃያ ሁለት ዓመት ስል የኖርኩትን ነዋ!

«ሙቺ እንግዲህ! ዶማሽን እወርሳለሁ።»

ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፤ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«እጀታው ተሰንጥቋል፤ ላንቺ አይበጅም» አለችኝ።

«መቃብርሽን ለመቆፈር ይበቃል» አልኳትና ሽርጤን አራግፌ ሄድኩ። ሳድዛዬን፣ የበቆሎ ገንፎዬን፣ በልቼ ከበሩ ሥር ጥላው ላይ ጋደም አልኩ። የራሴን ችግኝ እንኳ ሳልረጭ ነው የሄድኩት፤ ሙቀቱ አታክቶኝ፣ በኋላ እመለሳለሁ ብዬ።

ሌላ ሰው ራሴን አዞረኝ ቢለኝ ባልዲውን ከእጁ እቀማው ነበር። የማላውቀው መንገደኛ ቢሆን ደግፌ ጥላ ሥር አስቀምጠው ነበር። ከሷ አፍ ስለወጣ ግን ቀልድ አድርጌ ሰማሁት። አፈር ስሆን እስክትለኝ ድረስ ለምናኝ፣ እሱንም ቀልድ አድርጌ ሰማሁት።

አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ፣ በኔ የችግኝ መደብ አጠገብ በጎኗ ተኝታ አገኘኋት። መጀመሪያ ያልኩትን ልናገረው፤ «ተነሺ አንቺ ሰነፍ፣ እኔ መደብ ላይ ተኚ ያለሽ ማነው?» አልኩ። ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት። ከዚያ ከንፈሯ ላይ ያረፈውን ዝንብ አየሁ።

ቆርቆሮው ከእጇ ሥር ወድቋል። የሷ ሦስት መደቦች እንደ ደረቁ ናቸው፤ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። የኔ ችግኞች ግን ውሃ ጠጥተዋል። እጄን ከዳሱ ሥር ከትቼ ነካሁት፤ አፈሩ እርጥብ ነበር።

ልቧ ነው አሉ፣ ሙቀቱ ነው አሉ። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ «አጠገቧ ማንም አልነበረ፤ ምን ይደረግ» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ እኔም አብሬ እመጥጣለሁ። መለመኗን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ልጇ ኔትሳይ ከጆሃንስበርግ በአውቶቡስ እስክትደርስ ቀብሩ ለእሁድ ተቀጠረ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። አንድ ወር ሙሉ ስንለምነው የከረምነው ዝናብ! ማካፋት የለ፣ መንጠባጠብ የለ፣ አንዴ ወረደ። የለቅሶው ሸራ ሆዱን ነፍቶ በላያችን ላይ ሊፈርስ ሲል ወንዶቹ በእንጨት እየገፉ ውሃውን ያፈሱታል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ።

ሰው ሞቶ እስኪቀበር ድረስ የእርሻ መሬት አይቆፈርም። ከአያቶቻችን የወረስነው ሕግ ነው፤ ማንም አይጥሰውም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሹልክ ብዬ ወደ ረግረጉ ወረድኩ። የሷም የኔም መደብ ኩሬ ሆኗል። የመደቦቹ ጠርዝ ተንዷል፤ ጎመኑ ጭቃ ለብሷል። የሣር ዳሱ ወድቋል፤ ችግኞቹ ውሃ ውስጥ ቆመው ጫፋቸው ብቻ ይታያል። የታችኛው ቦይ በደለል ተደፍኖ ነው እንጂ ክንድ የምታህል ቢከፍቱለት ውሃው ይወርድ ነበር። አሥር ጊዜ መቆፈር፣ ቢበዛ ሃያ። ተንበርክኬ ጭቃውን በእጄ መዛቅ ጀመርኩ።

«ማይ ጋሪካይ!» ብሎ የሚጠራኝ ድምፅ ከላይ መጣ። ሰኩሩ ዛንጋ ነው፤ ሰኩሩ፣ አያት፣ ብለን የምንጠራው የረግረጉ ገበሬዎች ሽማግሌ። ጃንጥላ ይዞ ቆሟል።

«ዶማ አልያዝኩም ሰኩሩ፤ በእጄ ነው» አልኩት።

«መሬት እጅና ዶማ ይለያል? ሌላ ሰው ቢሆን እሺ፣ ሆዱ አሸነፈው እል ነበር። አንቺ ሳህዊራዋ አይደለሽ እንዴ? እሷ ሳጥን ውስጥ ተኝታ አንቺ ለቲማቲም?»

ለቲማቲም አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ። የመጨረሻ ጉልበቷን ያፈሰሰችው እነዚህ ላይ ነው ልለው። ግን ይህን ካልኩ የቀረውንም ልናገር ነው። ዘጋሁት።

«ነገ የምታስቂን አንቺ ነሽ» አለኝ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። «ነይ ውጪ፣ ብርድ ይመታሻል።»

ቅዳሜን ሙሉ ከእሁዱ ቀልድ እንዴት እንደማመልጥ ሳስብ ዋልኩ። አሞኛል ልበል? ድምፄ ተዘግቷል ልበል? ከሁለት ዓመት በፊት ወባ ጥሎኝ «ሳህዊራ፣ ሞትኩልሽ» ብዬ በሰው የላክሁባት ጊዜ ትዝ አለኝ። «በርቺ፣ ድስትሽን ዓይኔ ካየው ቆይቷል» ብላ መለሰችልኝ። መልእክተኛው ይህን ነግሮኝ ሳይጨርስ ግን እሷ ገንፎ ተሸክማ በሩ ላይ ነበረች። እሷም እንደኔ ነበር የምትቀልደው። ልዩነታችን እሷ ቀልዳ ትመጣ ነበር፤ እኔ ቀልጄ ሄድኩ።

እንደገና ልበድላት አልቻልኩም። ሳህዊራዋ ሳትቀልድባት ከተቀበረች ሁልጊዜ ይወራባታል። እቆማለሁ፣ ግን እውነቱን እናገራለሁ አልኩ። በሕዝብ ፊት እናገርና የመጣው ይምጣ፣ ቢፈልጉ ይውገሩኝ።

እሁድ ቦቲዋን አጠለቅሁ፤ ሰፋኝ። የሣር ባርኔጣዋን ደፋሁ። ያን የተበሳሳ ቆርቆሮ ይዤ፣ እንደሷ ግራ ዳሌዬን እየጎተትኩ፣ በሳጥኗ ፊት ከመደብ ወደ መደብ የምሄድ መስዬ ስመላለስ ሴቶቹ ገና ከጅምሩ በሳቅ ፈነዱ። ጎመን አንስቼ ለፀሐይ አሳየሁ፣ እንደሷ ተሳደብኩ፣ እንደሷ ቆርቆሮውን በጥፊ መታሁ። ኔትሳይ እንኳ ዓይኗ አብጦ ሳለ ሳቀች። ያን ጊዜ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር።

ቀና ብዬ ወገቤን ያዝኩ። በሷ ድምፅ፣ «ሳህዊራ፣ ዛሬስ ይቺ ፀሐይ ልትገድለኝ ነው መሰለኝ። ራሴን እያዞረኝ ነው። የቀሩኝን ሦስት መደቦች አጠጪልኝ፣ አፈር ስሆን» አልኩ። ዞር አልኩና በራሴ ድምፅ፣ «ሙቺ እንግዲህ! ዶማሽን እወርሳለሁ» አልኩ።

ሸራው ሥር ያለው ሰው አንድ ላይ ሳቀ። ሰኩሩ ዛንጋ ሳል እስኪያንቀው ሳቀ።

«እውነቴን ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ለመነችኝ! እኔ ትቻት ሳድዛ ልበላ ሄድኩ! እኔ ነኝ የገደልኳት!»

«እሷ ናት! እሷ ናት!» አለች አንዷ እያጨበጨበች።

«እሰሯት!» አለ ከኋላ አንዱ። «ለዶማ ብላ ሰው ፈጀች! ፖሊስ ጥሩ!»

እንባዬ ወረደ። አሁን ያምኑኛል ብዬ ባርኔጣውን አወለቅሁ።

«እዩዋት፣ እንባ ሳይቀር!» አሉ። አንዲት አሮጊት እንዲህ ያለ ሳህዊራ አይታ እንደማታውቅ ለጎረቤቷ ስትነግራት ሰማሁ። ቆርቆሮውን ጥዬ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ስንሰቀሰቅ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁኝ፤ ከዚያ ሁለት ሴቶች ብብቴን ይዘው አነሱኝና ውሃ ሰጡኝ። የሳህዊራ ቃል አይያዝም፤ ወጉ ነው። መቃብሩ ውስጥ የተኛውን ውሃ ወንዶቹ በባልዲ ቀድተው አወጡና ቀበርናት።

ከቀብር መልስ ኔትሳይን ለብቻዋ ከቤቱ ጀርባ ወሰድኳት።

«ልጄ፣ ያልኩት ቀልድ አይደለም። አሟት ነበር። ለመነችኝ፣ ትቻት ሄድኩ።»

እጄን በሁለት እጆቿ ያዘች። «አውቃለሁ እማማ፤ አያልቅሱ። በስልክ ሁሌ ‹ይቺ ሳህዊራዬ ዛሬም ገደለችኝ› እያለች በሳቅ ትፈነዳ ነበር። የመጨረሻ ቀኗንም ስቃ ነው የዋለችው ማለት ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

«አልገባሽም እኮ! እኔ ብቆይላት…»

«ሌላ ሰው እንዲህ ባላሳቃት ነበር» አለችና ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ የእናቷን ዶማ ይዛ ነበር። «የማን እንደሆነ ተነጋግራችሁ ጨርሳችኋል አይደል?» አለችኝ። ልታስቀኝ ትሞክራለች። ቁርጥ እናቷን።

ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ከዚህ ጥፊ ብትለኝ እግሯን እስም ነበር። በየት በኩል ልቆጣት ብላ የምታስብ ልጅ አይደለችም። ዶማውን ተቀበልኩ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ረግረጉ ወረድኩ። አሁን መቆፈር ተፈቅዷል። ችግኞቹ ጭቃው ላይ ተኝተዋል፤ አንዱን ሳነሳው ሥሩ ከእጄ ላይ ሟሙቶ ቀረ። አጠጪልኝ ያለችኝ ሦስት መደቦች ላይ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ተኝቷል። ከሷ በኩል ያለውን ቦይ ነው መጀመሪያ የከፈትኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስቆፍር የእጀታው ስንጥቅ መዳፌን ቆንጥጦ ያዘኝ፤ ደሜ ወጣ። እውነት ተሰንጥቋል። በሽቦ እንኳ አላሰረችውም፤ በዚህ ነበር ስትቆፍር የኖረችው።

«ሳህዊራ!» ብዬ ወደ መደቦቿ ጮህኩ። «እውነትሽን ነው፣ ለኔ አይበጅም!»

ጠበቅሁ። ውሃው በቦዩ ይወርዳል። ከላይ በኩል ያሉት ገበሬዎች ሰምተውኝ ኖሮ፣ ዶማቸውን ተደግፈው ሳቁ።