የማርሱ እንሰት

ሱመያ አወል እስከዚያች ሳምንት ድረስ ተሳስቼ አላውቅም ባይ ነበረች። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባለው የአባቷ የመለዋወጫ ሱቅ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ የባጃጅ ኬብል ለደንበኛ እያቀበለች በሌላው ስልኳ ላይ ማርስን ትገዛ ነበር። "ቀይ ምህዋር" የሚባለው የውጭ ተከታታይ ፊልም በሁለተኛው ምዕራፍ ድንገት ሲቋረጥ፣ ስድስቱ ጠፈርተኞች መመለሻ አጥተው ማርስ ላይ ቀሩ። ሌላው ተመልካች ትንሽ ተናዶ ወደ ሌላ ፊልም ሄደ። ሱመያ ግን "እነሱ ከተዉት እኔ እጨርሰዋለሁ" አለችና ቀጣዩን በአማርኛ እየጻፈች በቴሌግራም ቻናሏ ትለቅ ጀመር። ያም አልበቃትም፤ ዶክተር ኤርሲዶ የሚባል የሆሳዕና ልጅ ፈጥራ ሰባተኛ አድርጋ መመለስ በማይችል ሮኬት ወደ እነሱ ላከችው። አራት ሺህ ተከታይ አፈራች።

ሥዕሉ የአቢጋኤል ነው። አቢጋኤል ሀደሮ ከተማ የምታስተምር መምህርት ናት። ሁለቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ጨረቃ ግርዶሽና ስለ ማርስ ፎቶዎች ሲጻጻፉና ሲጨቃጨቁ ኖረው፣ አንድም ቀን በአካል አልተያዩም። ሱመያ ትጽፋለች፣ አቢጋኤል በውሃ ቀለም ሥላ ፎቶውን ትልካለች።

በየካቲት፣ አዲስ አበባ ያሉ የፊልሙ ወዳጆች የኦንላይን ኤግዚቢሽን አዘጋጁ። አድናቂዎች ከጻፏቸው አሥር ምዕራፎች ብቻ ይመረጣሉ፤ ጽሑፍና ሥዕል አብሮ ያልቀረበ አይታይም፤ ማብቂያው ቅዳሜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ሱመያ ይህን ነገር ከልቧ ፈለገችው። ያገሯን ልጅ ማርስ ድረስ ወስዳ እዚያ ገጽ ላይ ሳታወጣው ብትቀር እንቅልፍ የሚወስዳት አልነበረም።

ማክሰኞ ዕለት ምዕራፉን ለአቢጋኤል ላከችላት። የጠፈርተኞቹ ስንቅ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ኤርሲዶ በመስታወት ቤት የተከለውን እንሰት በአራተኛው ወር ቆርጦ ቆጮ ጋግሮ ያበላቸዋል።

"ይሄን አልሥልም" ብላ መለሰች አቢጋኤል።

"ለምን?"

"እንሰት በአራት ወር አይደርስም። አራት ዓመት በይ፣ አምስት በይ። ደግሞ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ ሳይብላላ ቆጮው ከየት መጣ?"

"አቢጊ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው! ሮኬቱ በሦስት ሳምንት ማርስ ሲደርስ ዝም ብለሽ ሥለሽ የለም እንዴ?"

"ሮኬቱን ሀደሮ ውስጥ ያየው ሰው የለም። እንሰቱ ግን በየጓሮው ነው። እናቴ ይሄን ብታይ ልጄ አይደለሽም ትለኛለች።"

"ባለሙያው ኤርሲዶ ነው፣ እናትሽ አይደሉም።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብላ አቢጋኤል ጠፋች።

ሱመያ ቆጮ አታውቅም ማለት አይደለም። አሳምራ ትበላዋለች። የምታውቀው ግን ገበያ ላይ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ነው፤ ከዚያ በፊት የት እንደነበር ጠይቃ አታውቅም። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለችና ምዕራፉን ያለ ሥዕል ለቀቀችው።

ጉድ ፈላ። ስለ ሮኬቱ፣ ስለ ኦክስጅኑ፣ ስለ ፍቅሩ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ወላይታው፣ ሲዳማው፣ ጉራጌው፣ ከምባታው ሁሉ ስለ እንሰት ሊመክራት ተሰለፈ። ፈትሁዲን የሚባል የሾኔ አንባቢ ደግሞ አንድ መስመር ጻፈ፦ "ሮኬቱን አምኛለሁ፤ እንሰቱን ግን አላምንም።" ከሥሩ ሁለት መቶ ሰው ሳቀ።

ሱመያ አፈረች። ጆሮዋ ድረስ ነው ያፈረችው። ጣቷ ምዕራፉን ለማጥፋት ሄዶ ተመለሰ። "ካጠፋሁት ፈሪ እባላለሁ፤ ካስተካከልኩት ግን ደራሲ ነኝ" አለች ለራሷ። ለአቢጋኤል ጻፈች፦ "ልክ ነሽ። ቅዳሜ እናትሽን ልጠይቅ እመጣለሁ።"

መልሱ ወዲያው ደረሰ፦ "ነይ በቃ! ቀለሙን በጥብጬ እጠብቅሻለሁ።"

አባቷ "መንገድ እንዳይመሽብሽ፣ እዚያው አድረሽ ተመለሺ" ብለው ፈቀዱላት። በዱራሜ በኩል ሚኒባስ ቀያይራ እኩለ ቀን ላይ ሀደሮ ገባች። አቢጋኤል በሥዕሎቿ መጠን ረጅም ትመስላት ነበር፤ ትከሻዋ ላይ የምትደርስ አጭር ልጅ ሆና አገኘቻት። ተቃቅፈው ሳቁ። ኩርፊያው እዚያው በር ላይ ቀረ።

እናቲቱ እትዬ እታለም ጓሮ ሆነው የእንሰት ችግኝ ከአንዱ ቦታ ነቅለው ወደ ሌላው ያዛውሩ ነበር። እጃቸውን ጠራርገው እንግዳቸውን ቤት አስገቡና ቆጮ በጎመን አቀረቡላት። "ሥጋ የሚባል አልነካውም፣ አይዞሽ ብዪ ልጄ።"

ሱመያ እየበላች ታሪኩን አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። እትዬ እታለም ስለ ሮኬቱ ምንም አልጠየቁም።

"ስንት ናቸው?"

"ሰባት።"

"እዚያ ምን ያህል ይቆያሉ?"

"ሊወስዳቸው የሚመጣው መንኮራኩር እስኪደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል።"

"እንግዲያ እንሰቱ ለእነሱ አይደርስም። በርሃብ ጊዜ ሥሩ ተቆፍሮ ይቀቀላል፤ አሚቾ እንለዋለን። ለእሱም ቢሆን ያንቺው ገና ሕፃን ነው። ያላቸውን ስንቅ ቆጥበው ይብሉ።" ትንሽ አሰቡና "ከእነሱ በኋላ እዚያ ሰው ይመጣል?" አሏት።

ሱመያ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። ግን ሳታመነታ "ይመጣል" አለች።

"ታዲያ ለሚመጣው ይትከላ! ይሄ የምትበዪው እኔ የተከልኩት መሰለሽ? አማቴ ናቸው የተከሉት፤ ሳይቀምሱት ሞቱ።"

ሱመያ ጉርሻዋን ዋጠችና ስልኳን አወጣች። አልተነሳችም። ኤርሲዶ በረሃብ አንጀቱ ታጥፎ ሳለ ቢላዋውን መልሶ ሰገባው ውስጥ ሲከተው፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ብሎ ችግኞቹን አራርቆ ሲተክል ጻፈች። ስትጽፍ እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። አቢጋኤል በጎኗ ተንበርክካ ትሥላለች።

ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ሁለቱም ጨረሱ። በሥዕሉ ላይ ኤርሲዶ የጠፈር ልብሱንና ነጭ ጓንቱን እንዳጠለቀ ቀዩ አፈር ላይ ተንበርክኮ ችግኝ ይተክላል። አቢጋኤል በኩራት ለእናቷ አሳየቻቸው።

እትዬ እታለም አዩና ፊታቸውን አጨማደዱ። "እዚያ መስታወት ቤት ውስጥ አየር አለ አላልሽኝም?"

"አለ" አለች ሱመያ።

"ታዲያ ጓንቱ ምን ያደርግለታል? አፈሩ ይርጠብ ይድረቅ በምን ሊያውቅ ነው?"

ሁለቱ ተያዩ። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ከአራት ቀን በፊት ቢሆን ሱመያ ሽንጧን ገትራ በተከራከረች። አሁን "ቡኒ ቀለም አለሽ?" ብቻ አለች። አቢጋኤል በነጩ ጓንት ላይ ቡኒውን ቀብታ ጣቶች አወጣችለት፣ ጥፍሮቹ ሥር አፈር አስገባችበት፤ ሱመያም የመጨረሻውን አንቀጽ ሰርዛ ኤርሲዶን ጓንቱን አስወለቀችው። ለአሥራ ሁለት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ላኩት፤ በቻናሉም ላይ ለቀቁት።

በሳምንቱ ከአሥሩ አንዱ ሆነው መመረጣቸውን ሰምታ ሱቁን በእልልታ አናግታዋለች። ለእሷ ግን ነገሩ ያለቀው ያን ዕለት፣ እትዬ እታለም ቤት እራት ላይ ነው። ስልኳ ጮኸ። የሾኔው ፈትሁዲን ነበር፤ አሁንም አንድ መስመር ብቻ ጽፏል።

"ጓንቱን ሲያወልቅ አመንኩ።"