ፉጨቱ የቆመበት ግድግዳ

«ይሄ ግድግዳ ግን ምን ሆኖ ነው?» አለች አንዷ ለቀስተኛ ሻይዋን እፍ እያለች፤ ለጎኗ ሰው ብቻ የተናገረች መስሏት። ሐዘን ቤት ውስጥ ግን ሹክሹክታ ከጩኸት ይብሳል፤ ሰው ሁሉ ቀና አለ። የሳሎኑ ግድግዳ እስከ መስኮቱ ድረስ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ነው። ከመስኮቱ ወዲያ የድሮው አመድማ ቀለም እንደተላላጠ ቀርቷል።

«የወንድሜ ነዋ!» አለች የሟች እኅት ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች። «ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ሲባል አልሰማሽም? የሰዉን ቤት ሁሉ ቀብቶ ቀብቶ የራሱን ገትሮት ሄደ። መጀመር እንጂ መጨረስ መች ያውቅ ነበር!»

ሰዉ ፈገግ አለ። መምህርት የሆነችው የሟች አንድያ ልጅ አንገቷን ደፋች። ግድግዳው ለምን እንደቀረ ታውቃለች። ከቀብሩ ወዲህ ሦስት ቀን ሙሉ ከሱ ጋር ተፋጥጣ ነው የዋለችው።

አባቷን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ወፉ» ነው የሚሉት። መሰላል ላይ ከወጣ መዝሙር ያፏጫል፤ ቃሉን ትቶ ዜማውን ብቻ። ብሩሹ ሽቅብ ሲሄድ ዜማው ይወጣል፣ ብሩሹ ሲወርድ ይወርዳል። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ጊዜ እሷንም ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር። «ከንፈርሽን አሞጥሙጪና ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው እፍ በይ።» እፍ ብትል አየር ብቻ ወጣ። እሱ ግን ብሩሹን ጥሎ አጨበጨበ። «ጎሽ የኔ ልጅ! እኛ ባንሰማው መላእክት ሰምተውታል!»

ካደገች በኋላ እምነቷ ጠና፤ ከእምነቷ ጋር ፊቷም ጠና። ከልቧ ስትስቅ የሰው ዕቃ የነካች ይመስላት ጀመር። ከሁለት ዓመት በፊት የጸሎት ጓደኞቿን ይዛ ስትገባ አባቷ መሰላል ላይ ሆኖ ይህንኑ ግድግዳ ይቀባል። መዝሙሩን እያፏጨ፣ ወገቡን እያወዛወዘ። በኀፍረት ፊቷ ጋለ።

«አባዬ! መዝሙር እኮ ነው! የእግዚአብሔርን ምስጋና የመጠጥ ቤት ጨዋታ አደረግከው። ክርስትና ቀልድ አይደለም!»

«ወፍስ ልጄ? ቃል የላትም፤ ታዲያ አታመሰግንም ማለት ነው?»

«አንተ ወፍ አይደለህም።»

ብሩሹን አየት አደረገና ከመሰላሉ እርከን በእርከን ወረደ። «ሲመቸኝ እጨርሰዋለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ እቤት ውስጥ ፉጨት ተሰምቶ አያውቅም።

አሁን ሠላሳ ዓመት መሰላሉን ሲይዙለት የኖሩት ሽማግሌ ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚህ በላይ መቻል አቃታት።

«ጋሼ፣ ፉጨቱን ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ደስታውን ቀምቼ ነው የቀበርኩት።»

«ማን ነው የተወው?» ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «እስካለፈው ሳምንት ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ የነበረው ታዲያ ማን ነው? ከሥራ ስንመለስ እያፏጨ መጥቶ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ጭጭ ይላል። ‹ምነው፣ ባትሪህ አለቀ?› ስለው፣ ‹ከዚህ ወዲያ ልጄ ትሰማለች። እሷ በዝምታ ነው የምታመሰግነው፤ አልረብሻት› ይለኛል።»

«አልተቀየመኝም?»

«አንቺን? ‹እሷ ትጸልይልኛለች፣ እኔ አፏጭላታለሁ፤ እግዜር እንደሆነ ሁለት ጆሮ አለው› እያለ ይስቅ ነበር። ይህን ግድግዳም የተወው ወዶ አይደለም። ካላፏጨ እጁ እምቢ ይለዋል። አንድ ቀን ሳትኖሪ ሊጨርሰው ሞክሮ፣ ‹የልጄ ቤት ነው› ብሎ አፉን ቢይዝ መስመሩ ተጣመመበት። ያውልሽ፣ ከመስኮቱ ሥር።»

አየችው። ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው የሳለው የሚመስል፣ እንደ ሰካራም እግር የተወላገደ አንድ ቢጫ መስመር ነው። ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፋለች! እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ተነሥታ ከጓዳ የቀለሙን ቆርቆሮ አወጣች። ቀለሙ ላይ የረጋውን ግልፋፊ አንሥታ በእንጨት አማሰለችው። ብሩሹ በልጅነት ሹራቧ እጅጌ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ጸጉሩ አሁንም ለስላሳ ነው።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ!» አለች አክስትየው። «በሐዘን ቤት ቀለም? ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል፣ አክስቴ።»

ሽማግሌው መሰላሉን አምጥተው አቆሙና በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙት። «በይ ውጪበት» አሏት።

ወጣች። ብሩሹን ነክራ ከተጣመመው መስመር ጎን አሳረፈችው። ከንፈሯን አሞጠሞጠች፤ የሚያለቅስ ከንፈር ግን አልታዘዝ አላት። እፍ አለች። አየር ብቻ ወጣ።

ብሩሹን ሽቅብ ሳበችና እንደገና እፍ አለች።