የወለተ ሰንበት ስም

ወለተ ሚካኤል ከሰቆጣ እስከ ኒሯቅ የምትጠራ አልቃሽ ናት፤ ያን ዕለት ግን ፈርታ ነበር። የገብረ አምላክ አስከሬን ደጅ ወጥቷል፤ ሴቶቹ ከኋላዋ፣ ወንዶቹ ከፊቷ ቆመው አፏን ይጠብቃሉ።

ጠዋት የሟቹ የወንድም ልጅ ጓንጉል ቤቷ መጥቶ ነበር። ስምንት ጥማድ በሬ ያለው፣ ግን ያልጠገበ ሰው ነው።

"እመት ወለተ ሚካኤል፣ ዘር ሲቆጥሩ የሟቹ ቅድመ አያት አሥራተ ማርያም የወለደው አንድ ወንድ ብቻ ነው። ሴት ልጅ አልነበረችውም። ልጅዎ ደሴ ዛሬ ከዝቋላ ገበያ ብቻውን ይመለሳል አሉ፤ መንገዱ ገደል ነው።"

ውሸታም! ሴቲቱማ ነበረች፤ ወለተ ሰንበት ትባላለች። ባሏ የሞተባት ይታየሽ ምንጩ ዳር ያለውን መሬት የያዘችው የእሷ ዘር በመሆኗ ነው። መዝገቡ በጣልያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ነዷል። አሁን ሽማግሌዎች ርስት ሲያካፍሉ የሚያምኑት በለቅሶ የተጠራን ስም ነው፤ ወለተ ሰንበት ካልተጠራች መሬቱ ለጓንጉል ይሆናል።

ጀመረች። ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ሰዉ ኀዘን መሰለው።

"ገብረ አምላክን ወልዶ ምንዋጋው አለፈ፣
ምንዋጋውን ወልዶ ወልደ ኢየሱስ አረፈ፤
አሥራተ ማርያም ወልደ ኢየሱስን ወልዶ…"

እዚህ ላይ ቆመች። ጓንጉል ዐይኗን ያያል።

"ወለተ ሰንበትንም!" አለ ከኋላዋ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ክው አለች። ድምፁ የጥሩሐረግ ነው፤ የራሱ የጓንጉል ሚስት! ሞኙ ሰው አንዲት አልቃሽ ካስፈራራ ያለቀ መስሎታል፤ ሴቶቹ ሁሉ ሙሾውን እየተቀበሉ ማደጋቸውን አላሰበም። አሁን አንገቱን አስግጎ የተናገረችውን ይፈልግ ጀመር። ጥሩሐረግን ከዚህ በፊት በዱላ ጥርሷን አርግፎባታል።

ወለተ ሚካኤል ደረቷን እየመታች፣ የሌላ ሰው ድምፅ እንዳይለይ ባላት ኃይል ጮኸች። "ወለተ ሰንበትንም ወልዷል! ወለተ ሰንበትንም!" ሴቶቹ ተቀበሏት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጓንጉል ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ከሰው መሃል ወጥቶ የዝቋላን መንገድ ያዘ።

ያላት መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱኑ መዘዘች።

"ደሴ ብቻውን ነው በዝቋላ ገደል፣
ጓንጉል ወጥቶለታል ሊቀበለው መሰል።"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ጓንጉል ባለበት ቀረ። ስሙ ሙሾ ገብቷል፤ ከእንግዲህ ደሴን እንቅፋት ቢመታው እንኳ የሚጠየቀው እሱ ነው።

አስከሬኑ ተነሣ፤ ተቀበረም። ወለተ ሚካኤል ግን ደሴ ፍየሎቹን እየነዳ ብቅ እስኪል ድረስ ዝም ማለት ፈርታ ስታለቅስ ዋለች።