እሳት የሚነፋ ማግኔት

መርሳ ላይ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እንደገና እየጠቀለለ የሚኖር ገበየሁ የሚባል ሰው አለ። ከዓመታት በፊት የአንድ ወፍጮ ሞተር ነደደና ከሩቅ የመጣ መሐንዲስ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «የገበየሁ ጥቅለላ ነው» ብሎ ሄደ። ያቺ ቃል እስከ ውርጌሳ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ገበየሁ፣ የተማረ ሰው ሲስቅለት፣ ጥርሱን ትቶ እጁን ነው የሚያየው።

የወልድያዋ መምህርት ሜላት «የማብሪያ ማጥፊያዬን የሽቦ ጥቅል፣ ኮይሉን፣ እርስዎ ይጠቅልሉልኝ» ብላ ስትመጣም፣ «ቢቃጠል የሚያላክኩበት ሰው አጥተው ነዋ» አለ በሆዱ። ግን ጠቀለለላት።

የነደፈችው በገበሬው በአብዱልመሊክ የሽንኩርት ማሳ ላይ ላለው የሶላር ፓምፕ የሚሆን ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ስቦ ሁለት የመዳብ ምላሶች ያገጣጥማል፤ ሲቋረጥበት ይለቃቸዋል።

«የመስመሩ መብራት በየቅጽበቱ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ብልጭታው ያኔ ይጠፋል» አለችው። «የሶላሩ ግን አያርፍም ጋሼ። ምላሶቹ ሲለያዩ እሳቱ መሃላቸው ተንጠልጥሎ ይቀራል። እነዚህን ማግኔቶች በግራና በቀኝ ያደረግኋቸው ለዚያ ነው። እሳቱን ይነፉታል።»

«ይነፉታል?»

«በደንብ ነው እንጂ የሚነፉት።»

ቀጥቃጭ እሳቱን በወናፍ የሚነፋው ሊያጠፋው ነው እንዴ? ፊት ለፊት ነገረችው እኮ። ኮይሉ ሊነድ፣ ስሙም አብሮ ሊነድ። የሙከራው ዕለት ጠዋት፣ እሷ ከወልድያ ሳትደርስ፣ የማብሪያ ማጥፊያውን ክዳን ፈታና ማግኔቶቹን አውጥቶ ኮት ኪሱ ከተታቸው።

ማሳው ላይ ሜላት ስታበራው ፓምፑ ውኃ ተፋ። አጠፋችው። ምላሶቹ ተለያዩ፤ እሳቱ ግን መሃላቸው ቀረ፤ ክዳኑ መቅለጥ ጀመረ። «ሸራውን ፓነሎቹ ላይ» አለች። አብዱልመሊክ የሽንኩርቱን ሸራ ጎትቶ ፀሐዩን ሲጋርድ እሳቱ ጠፋ።

«አብሽሪ እህቴ፣ ሽንኩርቱ አልተጠበሰም» አለ። ቀጥሎም፣ «ጥቅለላው የማን ነው?»

ገበየሁ ይህቺን ጥያቄ ያውቃታል።

«መጀመሪያ ይከፈት» አለች ሜላት። «ጋሼ፣ ካቻቢቴ ያቀብሉኝ።»

ከኪሱ መዝዞ ሰጣት። ሁለቱ ማግኔቶች ካቻቢቴው ላይ ተለጥፈው ወጡ።

«ምነው ጋሼ?»

«እሳት ይነፋሉ አላልሽም?»

«እፍ ብለው ያጠፋሉ ማለቴ ነበር።»

«ታዲያ እፍ ይላሉ አትይም?»

«ወላሂ፣ የተቃጠለው አማርኛው ነው» አለ አብዱልመሊክ።

ሜላት ኮይሉን በመለኪያዋ ፈተሸችው። «ጥቅለላው ንጹሕ ነው፤ ምንም አልነካውም።»

ወፍጮው ከነደደ ጀምሮ ከተማረ ሰው አፍ ሲጠብቃት የኖረው ቃል ይህቺ ነበረች። መጣችለት፤ እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ማግኔቶቹን ከካቻቢቴው ለማላቀቅ ይታገል ነበር።

በገበያው ቀን አብዱልመሊክ መርሳ ላይ ለጠየቀው ሁሉ እንዲህ አለ፦ «የገበየሁ ጥቅለላ አይታማም። ሰውየውን ግን ኪሱን ፈትሹት።»