ስርዝ ድልዝ የሌለበት መዝገብ

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። ጡረታ ሲወጣ መጋዘኑን አስረከበ እንጂ ጠባዩን አላስረከበም። ቤት ውስጥ ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር የራሱ መዝገብ አለው፤ ማን ነካው፣ ምን አደረገው፣ በስንት ሰዓት፣ ከዚያ ፊርማ። ማውስ የቀየረ ሰው እንኳ ሳይፈርም አይወጣም። ስም አይጻፍም። እሱ «አባት» ነው፣ እኔ «ታላቅ»፣ እህቴ «ታናሽ»። ስርዝ ድልዝ ደግሞ ጨርሶ አይወድም። አንድ ቃል ከተሳሳተ ገጹን እንደገና ይገለብጠዋል እንጂ አይሰርዝም። «ስርዝ ድልዝ ያለበት መዝገብ የሌባ መዝገብ ነው» ይላል።

እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ «ክብሪት» ይሉኛል። ለምን እንደሚሉኝ አላውቅም ብዬ አልዋሽም።

ቅዳሜ ዕለት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እህቴ ደወለች። እህቴ ነርስ ናት፤ ከአባታችን ጋር ነው የምትኖረው። አዋላጅ ለመሆን ሦስት ጊዜ አመልክታ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። በሦስተኛው ተቀበሏት። የቀራት ነገር ቢኖር በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ገብቶ «ቦታውን እፈልጋለሁ» ማለትና አምስት ማስረጃ መላክ ብቻ ነው። የመጨረሻው ቀን ያ ቅዳሜ፣ የመጨረሻው ሰዓት አስር ነበር። ካለፈ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ሳምንቱን ሙሉ ተረኛ ስለነበረች ሥራው ለዚያ ቀን ተርፏል።

«ብሮውዘሩ እምቢ አለኝ» አለች። «አባዬ ከትናንት ወዲያ ያንን ቪፒኤን አጥፍቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ገጽ አይከፍትም። በስልክ ስሞክር ደግሞ በኮምፒውተር ግቢ ይለኛል። ጓደኛዬ ቢሮ ልሂድ እንዴ? እስከ ስምንት ሰዓት እዚያ አለች።»

«የት ነው የምትሄጂው? ቁጭ በይ፣ መጣሁ። የአስር ደቂቃ ሥራ ነው።»

ይህችን አስር ደቂቃ ያዙልኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ኮምፒውተሩ የተቀመጠው በእናቴ የስፌት ጠረጴዛ ላይ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ማሽኑ ተነስቶ ግድግዳው ሥር ተሸፍኗል፤ ፔዳሉ ግን ከጠረጴዛው ጋር ስለተያያዘ እዚያው ቀርቷል። ቁጭ ስል እግሬ ፔዳሉን ይነካል፣ ጉልበቴ መሳቢያውን ይገፋል። እህቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ማስረጃዎቿን ታቅፋ ተቀመጠች። አባቴ በሩ ላይ ቆመ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ የጀመረውን አዲስ መዝገብ በብብቱ ይዞ።

«ለምን አጠፋኸው?» አልኩት።

«በየቀኑ ጊዜህ አልቋል፣ ጊዜህ አልቋል ይለኛል። ጊዜው ያለቀበት ዕቃ ደግሞ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። አነሳሁትና መዘገብኩ።»

ብሮውዘሩን ከፈትኩ። «የፕሮክሲ ሰርቨሩ ግንኙነቱን አልተቀበለም» ይላል። ፕሮክሲ ማለት አማላጅ እንደ ማለት ነው፤ ብሮውዘሩ በቀጥታ ወደ ድረ ገጹ አይሄድም፣ አማላጁን ይልካል። ቪፒኤን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሩቅ ካለ መረብ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም፣ የተነሳበት ኮምፒውተር ላይ ይህ የታወቀ በሽታ ነው። ቪፒኤኑ ይሄዳል፣ «በአማላጁ በኩል ውጣ» የሚለው ትእዛዝ ይቀራል። የኮምፒውተሩን ቅንብር ከፍቼ አየሁ። ፕሮክሲ የለም። ንጹሕ ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ይሠራል፤ መልእክት ይልካል፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ያስተካክላል። ብሮውዘሩ ብቻ ነው ያኮረፈው።

«ይዋሻል» አልኩ።

«ማን?» አለ አባቴ።

«መልእክቱ። ፕሮክሲ አለ ይላል፣ የለም።»

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ሁሉ ብዘረዝረው መሳቂያ ነው የምሆነው። ብሮውዘሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ጠረግኩ። ኮምፒውተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ብሮውዘሩን ራሱን አውጥቼ ጣልኩትና አባቴ ምልክት ለጥፎ ካስቀመጠው ፍላሽ መልሼ ጫንኩት። ያው መልእክት። ሌላ ብሮውዘር በስልኬ አውርጄ ላስገባ ብል ኮምፒውተሩ ዕድሜው ገፍቷልና አልቀበልም አለ። የራሴ ላፕቶፕ ቢሮ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዘው ጥበቃ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልክ አያነሳም።

ስምንት ሰዓት ሆነ። የእህቴ ጓደኛ ቢሮዋን ዘግታ ሄደች።

«አሮጌው መዝገብ ላይ ስለዚህ ቪፒኤን የተጻፈ ነገር ሳይኖር አይቀርም» አለ አባቴ፣ ቀስ ብሎ።

«አባዬ፣ መዝገብ ኮምፒውተር አይጠግንም።»

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።»

«እሺ አባዬ።» እሺ ያልኩት ዝም እንዲል ነው። እሱም ያውቀዋል።

ስምንት ተኩል ላይ ደገመው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ቢሮ ውስጥ አርባ ሁለት ኮምፒውተር በእጄ ነው፣ ማንም መዝገብ አምጥቶልኝ አያውቅም። ላብ በላብ ሆኛለሁ። እህቴ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን አትጮህም። ወረቀቶቿን ታስተካክላለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ እንደገና ታስተካክላለች። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ከሩብ።

«የአስር ደቂቃ ሥራ ነው አልሽኝ» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ አልከረረም። «ጓደኛዬ ጋ ብሄድ እኮ ይሄኔ ጨርሼ ነበር።»

ይህን ጊዜ ነው ክብሪቱ የተጫረው። እሷ ላይ ለመጮህ አፍሬ አባቴ ላይ ዞርኩ።

«ማን አጥፋ አለህ? ሁለት ዓመት ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር! እኔን ሳትጠይቅ ለምን ትነካለህ? ትምህርቷ ቢቀር ባንተ ነው የሚቀረው!»

አባቴ መነጽሩን አደረገ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠና አዲሱን መዝገብ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ። እኔ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለስኩ፤ ምን እንደምፈልግ ግን አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። እህቴ አዋላጅ ብትሆን የምትሄድበትን ክፍል፣ የምትለብሰውን ልብስ ሳይቀር ስትነግረኝ ስድስት ዓመት ሆኗታል።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ አባቴ ተነስቶ መጣ።

«ጉልበትሽን አንሺ» አለኝ።

«ምን?»

«ከመሳቢያው ላይ ጉልበትሽን አንሺ።»

አነሳሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያንን መሳቢያ የከፈተው የለም። እጀታውን ይዞ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሳበው። መጀመሪያ የጣት መከላከያዋን አወጣ፣ ቀጥሎ የተጠቀለለ ሜትር፣ ከዚያ ሰማያዊ ክር የገባበት መርፌ የተሰካበት ጨርቅ። አንድ በአንድ አልጋው ላይ ለእህቴ አቀበላት። ከሥር አሮጌው መዝገብ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ በጉልበቴ ስገፋው የቆየሁት እሱን ነው።

ገጹን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ከረፋዱ አራት ሰዓት። ታላቅ ከመሥሪያ ቤቷ ጋር የሚያገናኛትን ቪፒኤን ጫነች። ብሮውዘሩ ስላስቸገራት በብሮውዘሩ በራሱ ቅንብር ውስጥ ገብታ የፕሮክሲ ቁጥር በእጇ ጻፈች። ቪፒኤኑ የሚነሳ ቀን ይህም አብሮ መነሳት አለበት ብላለች። ፊርማ፣ ታላቅ።»

ክው አልኩ። መዝገቡን ተቀብዬ አየሁት። ፊርማው የኔ ነው፤ ጅራቱ እንኳ የኔ ነው። ያን ሰሞን እናታችን ታማ እኔ ከዚህ ቤት ሆኜ ነበር የምሠራው። ምን እንደበላሁ፣ ምን እንደለበስኩ የማላስታውሰው ሁለት ወር ነው፤ የጻፍኩትን ቁጥር ከየት ላስታውስ? መልእክቱም አልዋሸም። እኔ ያየሁት የኮምፒውተሩን ቅንብር ነው፤ ይህ ብሮውዘር ግን የራሱ ቅንብር አለው፣ ነቅለው ቢተክሉትም ያንን ቅንብር አይረሳም። ይህንን ለሰው የማስተምረው እኔ ነኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ከዚያው መስመር ሥር አባቴ ስለ ኮምፒውተር ያልሆነ ነገር ጽፏል። «እናት ዛሬ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ሰፋች።»

አስታወስኩ። ጠረጴዛው ያኔ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ እኔ በአንዱ ጫፍ እጽፋለሁ፣ እሷ በሌላው ጫፍ ትሰፋለች። ማሽኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስክሪኑ ይርገበገብ ነበር፤ «እማዬ፣ ቀስ!» እላታለሁ፣ እሷ ትስቃለች።

«ዘጠኝ ተኩል አልፏል» አለች እህቴ።

የብሮውዘሩን ቅንብር ከፈትኩ። ቁጥሩ እዚያው ቁጭ ብሏል። «ፕሮክሲ አትጠቀም» የሚለውን መረጥኩ። ገጹ ተከፈተ። አስር ደቂቃ ቀርቶ አስር ሰከንድ አልፈጀም።

ቦታውን ለእህቴ ለቀቅኩላት። በስልኳ ያነሳቻቸው አምስቱ ማስረጃዎች ተራ በተራ ይገባሉ፣ ኮምፒውተሩ እንደ ዕድሜው ይጎተታል። አራተኛው ላይ ቆመ። ከዚያ አለፈ። አስር ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው «ማረጋገጫዎ ደርሶናል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እህቴ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛውን ለአባታችን አነበበችለትና ፊቷን በሜትሩ ጥቅል ሸፍና አለቀሰች።

አባቴ አዲሱን መዝገብ አመጣልኝ። ሠርቻለሁ፣ መፈረም አለብኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ከላይ ያለውን መስመር አየሁት፤ ስጮህበት ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው።

«ድረ ገጽ አልከፈተም። ምክንያቱ፣ አባት አሮጌውን መዝገብ ሳያይ ቪፒኤን በማንሳቱ። ታናሽ ትምህርቷ ቢቀር ጥፋቱ የአባት ነው።»

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እውነት ነው። ከማንሳቴ በፊት አሮጌውን ማየት ነበረብኝ።» ወደ መሳቢያው አላየም። «መክፈት አቃተኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በመጋዘን፣ ከዚያም ወዲህ በዚህ ቤት፣ የዚህ ሰው መዝገብ ስርዝ ድልዝ ኖሮበት አያውቅም። እኔ ግን በመስመሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሰመርኩበት። እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰብኝም። ከሥሩ ጻፍኩ፤ «ምክንያቱ፣ ታላቅ የጻፈችውን በመርሳቷ፣ ሲነግሯትም ባለመስማቷ።»

«ይቅርታ አባዬ» አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ለማውጣት ከብሮውዘሩ የበለጠ ፈጅቶብኛል።

መዝገቡን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ የተሰረዘውን መስመር ረጅም ጊዜ አየው። ገጹን ሊገለብጠው ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ስርዝ ካለ ከጎኑ ይፈረማል» አለኝ። «ነይ ፈርሚ።»

ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ግን ከእጄ ወሰደና ከኔ መስመር ሥር፣ ከእናታችን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስለ ኮምፒውተር ያልሆነ ነገር ጻፈ።

«ታናሽ አዋላጅነት ልትማር ነው።»

ሦስታችንም ፈረምንበት።