ወተቱ ታሟል

ወተቱ ሻዩ ውስጥ እንደገባ ተቆራረጠ።

መጀመሪያ ያየችው አክስትየዋ ናት። ብርጭቆዋን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ነጫጩን ፍርፋሪ አየችና፣ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት ድምጿን ቀነስ አድርጋ «ኧረ ይሄ ወተት አልቆለታል» አለች። አጠገቧ ያሉት ሁለት ጎረቤቶች ቀድመው ጠጥተውት ኖሯል። ምን ይደረግ? ይትፉት? እንደ ጨዋ ሰው ዋጥ አድርገው መሬት መሬት አዩ።

ታላቅ እህት ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። አባታቸው ከተቀበረ ወዲህ እጇ አርፎ አያውቅም፤ ስታዝንም ስትናደድም ዕቃ ታነሳለች። «ትናንት የተገዛ ወተት! ጉድ እኮ ነው!» ብላ፣ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ወደተቀመጠው ወንድሟ ዞረች። «አንተ የከተማውን ፍሪጅ ሁሉ የምታክመው፣ እስቲ ተነስና የአባትህን ፍሪጅ እይልን።»

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሳቅ ይርበዋል፤ ምክንያት ካገኘ አያልፍም። ወንድምየው ግን አልሳቀም። ፍሪጅ ጠጋኝ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ መኪናው ላይ ሳይቀር በትልልቁ አስጽፎታል። ዛሬ ግን ሥራው ባይነሳበት ይመርጣል። ለምን እንደሆነ ለራሱም ገና አልነገረውም። ተነስቶ ወደ ማድ ቤት ገባ።

ፍሪጁን ከፈተው። ወተቱ በሩ ላይ ተደርድሯል። አንዱን ያዘው፤ ለብ ብሏል። አውራ ጣቱን በበሩ ጎማ ላይ አስኬደ፤ ታች ጥጉ ጋ ሲደርስ ጎማው ደርቆ ተሰንጥቋል። ከጋዜጣ ቁራጭ ቀደደና በሩን በወረቀቱ ላይ ዘግቶ ሳብ ሲያደርገው ሳይታገል ወጣ። ጎማው አይዝም ማለት ነው። ሙቁ አየር በስንጥቁ ሾልኮ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው በሩ ላይ የተቀመጠውን ወተት ነው። ይህን ሥራ በጀመረ ሰሞን የተማረው ነገር ነው።

ከዚያ ዓይኑ የማቀዝቀዣው ማዞሪያ ላይ አረፈ። እስከ መጨረሻው ዞሯል።

«አይሆንም» አለ ለብቻው። እጁን በእርጎው ጎን አሳልፎ ወደ ኋለኛው ግድግዳ ሰደደ። በረዶ ነካ። በረዶው ውስጥ አንድ ትንሽ ካርቶን ተጣብቋል፤ ሲስበው ተቀደደ። የአባቱ የስኳር መርፌ መድኃኒት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ብልቃጥ ድንጋይ ሆኗል። ፊት ለፊት፣ ተጀምራ የቀረች አንዲት ብልቃጥ አለች፤ እሷ ቀልጣለች። ወደ ብርሃን አነሳት። ጥቃቅን ነጭ ነገር መስታወቷ ላይ ተለጥፏል፤ ሻዩ ላይ የተንሳፈፈውን ፍርፋሪ ይመስላል።

ክው አለ። ስንት መድኃኒት ቤት ገብቶ ፍሪጅ ሠርቷል! በየሄደበት «አደራ፣ ማዞሪያውን አታክርሩት፤ የስኳር መድኃኒት አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም ውሃ ነው» ብሎ የሚያስጠነቅቀው እሱ ራሱ ነበር። እሱ ራሱ!

አባቱን ሰው ሁሉ «አሽታቹ» ይለው ነበር። የወተት ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ የሚመጣውን ወተት ክዳኑን እየከፈተ ሲያሸት፣ «ይግባ»፣ «ይመለስ» ሲል ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ጡረታ ወጥቶ የሚያሸተው ወተት ሲያጣ ደግሞ የቤቱን ፍሪጅ ያሸት ጀመር። ልጁንም ገና ከወገቡ ሳያልፍ ፍሪጁ ፊት አቁሞ ያስተምረው ነበር።

«ቀኑ አላለፈም ብለህ አትመን» ይለዋል። «ቀኑን የጻፈው ሰው የእኛን ፍሪጅ አያውቀውም። አሽት። ከጠረጠርክ በማንኪያ አፍልተህ እየው፤ ከተቆራረጠ ድፋው። እርጎ ላዩ ላይ ውሃ ቢያወጣ ምንም አይደል፤ ክዳኑ ከተነፋ ግን ጣለው። አይብ ካዝለገለገ፣ ቅቤ የአሮጌ ሣጥን ሽታ ካመጣ፣ በቃ ስንብት ነው።»

«ልጁ እራቱን ሳይበላ ሊቅ ልታደርገው ነው?» ትላለች እናትየዋ ከኋላ።

አባትየው ይስቅና ትምህርቱን ሁልጊዜ በአንድ ነገር ይዘጋል፦ «ፍሪጅ ውስጥ ቀድሞ የሚታመመው ወተት ነው። ወተት ከታመመ ሌላውንም መርምር።»

ጠጋኙ ብልቃጧን ኪሱ ከተታት። የፍሪጁን በር ሲዘጋው በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ነው፤ ካልተገፋ አይዘጋም፤ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ ይህን አያውቅም።

ሙቀቱ በጠናበት ሰሞን ነበር አባቱ የደወለው። «ልጄ፣ ወተቱ ታሟል» አለ። ጠጋኙ አንድ ሆቴል ውስጥ ትልቅ ማቀዝቀዣ ሥር ተንበርክኮ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ይዞ ነበር። «በየቀኑ ነው የምደፋው። ብቅ በልና እየው።»

«እሺ አባዬ፣ ሰሞኑን እመጣለሁ።»

አልመጣም። ሙቀት ሲመጣ የፍሪጅ ጠጋኝ ስልክ አያርፍም፤ ሥጋ ቤቱም ኬክ ቤቱም ይጮኻል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን በወላጆቹ ደጅ ደጋግሞ አልፏል፤ «ከገባሁ ሳልበላ አይለቁኝም» እያለ ነው ያለፈው። አባቱ ደግሞ ደወለ።

«አባዬ፣ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዙረው፤ ይበቃዋል።»

አባትየው ሳቀ። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ! ለሰው በመኪና ትሄዳለህ፣ እኛን በስልክ ታክመናለህ።» ሁለቱም ሳቁ። ሰንብቶ አባትየው ራሱ ደወለና «ተባረክ፣ ወተቱ ድኗል! ከኋላ ያስቀመጥነውማ በረዶ እየሠራ ነው» ሲለው፣ ጠጋኙ «አየህ? አላልኩህም?» ብሎ ስልኩን ዘጋ። በረዶ የሚለውን ቃል ሰምቷል። መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥም ያውቃል። ሁለቱን አላገናኛቸውም።

ከማድ ቤት ሲመለስ እናቱ የአክስትየዋን ክንድ ይዛ ታንሾካሹካለች። አባትየው ሆስፒታል በገባ ዕለት ነርሷ «መርፌውን ማን ነው የሚወጋቸው?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሌላ አልጨመረችም። እናቱ ግን ያቺን ጥያቄ ይዛት ቀርታለች።

«መስመሩን አይቼ ነው የምቀዳው» ትላለች። «አንድም ቀን አልዘለልኩም። ወይስ ዘልዬ ይሆን? ውሃ ውሃ ሲለኝ፣ ከወንበሩ መነሳት ሲያቅተው፣ እኔ ሙቀቱ ነው አልኩት።»

«ተይ እንግዲህ፣ ቀኑ ደርሶ ነው።»

ታላቅ እህት ትሪ ይዛ እያለፈች ቆም አለች። «እኔ ልውጋው ብዬ ለምኜሻለሁ፤ ዓይንሽ ደክሟል ብዬሻለሁ» አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋዋለች፤ ግን ያልሰማ የለም።

እናትየዋ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እንደ ሌላ ሰው እጅ ታያቸው ጀመር።

ይኸኔ ነበር መናገር። ብልቃጧ ኪሱ ውስጥ ናት፤ በጣቶቹ ይዟታል። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «መኪናዬን መንገድ ዘግቼ ነው ያቆምኳት» ብሎ ወጣ። ፈሪ! እኛ ልንለው አይደለም፤ ደረጃውን ሲወርድ ራሱን የሰደበው በዚሁ ቃል ነው።

መኪናው ውስጥ፣ ከዕቃ ሣጥኑ ጎን፣ ለአባቱ ፍሪጅ፣ ልኩን በቃሉ ስለሚያውቀው፣ ቀድሞ የቆረጠው አዲስ የበር ጎማ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ እዚያው ነው። አቧራ ለብሷል። ቢቀይረው ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

እዚያ ተቀምጦ ያሰበውን ሰው ቢሰማው ባፈረ። ነገ ማልዶ ማዞሪያውን ይመልሳል፣ ጎማውን ይቀይራል፣ ብልቃጦቹን ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያውቃል? እናቱም ብትሆን ቀስ በቀስ ትረሳዋለች። እህቱም ይበርድላታል። እንዲህ እያለ ራሱን ሲደልል አመሸ።

በማግስቱ ጎማውን በብብቱ ይዞ ሲመጣ የጥጉ ባለሱቅ ከነሽርጡ ለቅሶ ደርሶ ሲወጣ በር ላይ ተገናኙ። ባለሱቁ እጁን ይዞ አልለቅም አለው።

«የአሽታቹ ልጅ! አባትህ እኮ ወተት ሊወስድ በመጣ ቁጥር ስላንተ ነበር የሚያወራው። ‹ልጄ በስልክ ነው ፍሪጅ የሚያድነው፤ እጁን እንኳ ሳያስነካ!› ይለኛል። ለእኔ ብቻ መሰለህ? ሱቁ ደጃፍ ለቆመው ሁሉ ነው የሚናገረው። ኮርቶብህ ነው የሄደው። ተጽናና።»

ተጽናና! ደግ ሰው ሳያውቅ ሲወጋ ጩቤውን እስከ እጀታው ነው የሚሰደው። ጠጋኙ ራሱን ነቀነቀ።

ሳሎን ውስጥ ሻይ እየታደለ ነው። አክስትየዋ፣ እናትየዋን ትንሽ ለማንቀሳቀስ ይመስላል፣ «እስቲ አንቺ ቅጂልን» ብላ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ገፋ አደረገችላት። እናትየዋ እጇን ሰበሰበች። «ሌላ ሰው ይቅዳ። የእኔ እጅ አይረባም» አለች። እንዲሁ ነው ያለችው፣ ሳታለቅስ፣ ያለቀለት ነገር እንደሚነገር። እሷ አትረሳም። ልጇም ያን ጊዜ ገባው።

ጎማውን መሬት ላይ ጣለ።

«እቴቴ» አለ፤ እህቱን እንዲህ ከጠራት ብዙ ዘመኑ ነው። «ነይ፣ ይሄን ያዢው።» ብልቃጧን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ምንድነው?»

«የአባዬ መድኃኒት ነው። ውስጡን እዪው። በረዶ ሠርቶ ነው የተበላሸው። እማዬ አንድም ቀን አልተሳሳተችም፤ በትክክል ነው የወጋችው። ግን ውሃ ነበር የምትወጋው።» ዓይኑን ከእህቱ ላይ ሳያነሳ ቀጠለ። «በረዶ ያስደረግኩት እኔ ነኝ። አባዬ ወተቱ ታሟል፣ መጥተህ እየው ብሎ ለመነኝ። እኔ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዙረው አልኩት። አልመጣሁም።»

«በስልክ?» አለች እህቱ።

«በስልክ።»

እጇን አነሳች። በጥፊ የምትለው ቢመስለውም ፊቱን አላሸሸም። እሷ ግን በእጇ የገዛ አፏን ያዘች። ከዚያ ትሪውን፣ ሰዉን፣ ሁሉን ትታ እናቷ እግር ሥር ተደፋች። «እማዬ... እኔ እኮ... ምን ብዬሽ ነበር!» እናትየዋ የልጇን ፀጉር ዳበሰች፤ ዓይኗ ግን ወንድ ልጇ ላይ ነው። ቀስ ብላ ተነሳችና ወደ ማድ ቤት ሄደች። ተከተላት።

ፍሪጁ ፊት ቆመች።

«መድኃኒቱ በረዶ መያዙን አይቻለሁ» አለች። «ጠዋት ጠዋት በመዳፌ ይዤ ነበር የማቀልጠው። ሥጋም የሚቆየው በበረዶ ነው ብዬ ደግ ነገር መሰለኝ። አንድ ቀን እጄን በጣም በረደኝና ማዞሪያውን ልመልሰው ስል አባትህ እጄን ያዘኝ። ‹ተይ፣ ልጄ ያስተካከለውን አትንኪ› አለኝ።»

ጠጋኙ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። በቀብሩ ዕለት አንድ ጠብታ ያላወጣው ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «ይቅር በይኝ» የሚለው ቃል ተቆራርጦ ወጣ።

እናቱ ጠበቀችው። ዝም እስኪል አላባበለችውም።

«አባትህ አልተቀየመህም» አለች በመጨረሻ። «እኔን ግን ትንሽ ቆየኝ።» ቀጥላም «ተነስ፣ መልሰው» አለችው።

ተነስቶ ማዞሪያውን ወደ መካከሉ መለሰው። ያ ሁሉ ሰሞን ያለ ዕረፍት ሲያጓራ የከረመው ሞተር ተንቀጠቀጠና ቀጥ አለ። ድምፁን ለምደውት ኖሯል፤ ቤቱ ምን ያህል ጸጥ እንዳለ የሰሙት አሁን ነው። እናትየዋ ደነገጠች። እጇን ሰድዳ፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳሰሰው፣ መዳፏን የፍሪጁ በር ላይ አሳረፈች። አላነሳችውም።