የነጂባ የውሃ ካርድ

ቁጡ ነኝ፤ ይህን ከአቦከር ሰፈር እስከ ሸዋ በር ገበያ የማያውቅ የለም። ያን ማክሰኞ ግን የተቆጣሁት በቂ ምክንያት ኖሮኝ ነው። ርዕሰ መምህራችን አቶ እንደሻው ሳያንኳኩ የክፍሌን በር ከፈቱና፣ "ሙሉነሽ፣ ይቺ ልጅ እስከ ሰኞ አንድ ለውጥ ካላሳየች እናቷ ትውሰዳት። በጩኸቷ የተነሣ የጎረቤት ክፍሎች መማር አልቻሉም" አሉኝ።

"ይቺ ልጅ" ያሏት ነጂባን ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አትናገርም። ልዩ ፍላጎት ካላቸው ተማሪዎቼ ሁሉ እንደ እሷ የሚያስቸግረኝ አልነበረም። ረፋድ ላይ ብድግ ትልና ጠረጴዛውን ትደበድባለች፣ የገዛ እጇን ትነክሳለች፣ ትጮኻለች። ብስኩት ስሰጣት ትወረውረዋለች፤ ላቅፋት ስል ትገፋኛለች። ምን እንደምትፈልግ የሚያውቅ አንድ ፈጣሪ ብቻ ነበር።

እናቷ ሩቂያ ከሚኖሩበት ተራራ፣ ሐኪም ጋራ ከሚባለው፣ ድንች ይዛ እየወረደች ሸዋ በር ትሸጣለች። ነጂባ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት፣ የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ፣ በር ቆልፋባት ነበር የምትወጣው። እንግዲህ ሰኞ ከተባረረች ወደዚያ የተቆለፈ ቤት ትመለሳለች ማለት ነው።

"ወደዚያ ቤትማ አትመለስም!" አልኩ፤ አቶ እንደሻው ከሄዱ በኋላ ቢሆንም።

አንድ ሥልጠና ላይ፣ የማይናገሩ ልጆች የሥዕል ካርድ እየሰጡ የፈለጉትን መጠየቅ እንደሚለምዱ፣ ካርዱም ኢንተርኔት ላይ በነጻ እንደሚገኝ ሰምቼ ነበር። የት እንዳለ የነገረን ግን የለም። በበነጋው ማለዳ ነስሮ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ።

"አቦ ቲቸር፣ በጠዋት ምን አስመጣሽ?" አለኝ ነስሮ። "በርጫ ሲጀመር ተመለሽ። ያኔ ከተማው ሁሉ ጫቱ ላይ ስለሚቀመጥ ኔትወርኩ ለኛ ይተርፋል።"

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ ግን እውነትም መንገዱም ኔትወርኩም ጭር ብሏል። ፍለጋ ጀመርኩ። አንዱ ድረ ገጽ "ነጻ" ይላል፤ ደስ ብሎኝ ስጫነው የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠይቀኛል። ሌላው ጥቂት ሥዕሎች ያሳይና የቀረውን ይቆልፋል። ኮምፒዩተሩን በጥፊ ልለው ስቃጣ ነስሮ ሳቀብኝ። በመጨረሻ እንደ ነጂባ ዓይነት ልጆች ያሏቸው እናቶችና መምህራን የሠሩት ገጽ ተከፈተልኝ። "ውሰዱ፣ አትሙ፣ ለሌላ አካፍሉ" ይላል፤ ምንም አይጠይቅም። እነዚያን የማላውቃቸውን ሰዎች ቁጭ ብዬ መረቅኳቸው።

ካርዶቹን አትሜ የክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸውና ሐሙስና ዓርብ ከነጂባ ጋር ታገልን። የኳሱን ካርድ ስትሰጠኝ ኳሱን እሰጣታለሁ። መጀመሪያ ካርዱን አኘከችው፤ ዓርብ ግን ራሷ ከግድግዳው አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ካርድ ሰጥቶ መቀበል ገብቷታል! ይሁን እንጂ ረፋድ ላይ ያው ጩኸት መጣ። ካርዶቹን ሁሉ ደረደርኩላት፤ ዳቦ፣ አልጋ፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት። በትና ጣለቻቸው። ያን ቀን ተስፋ ቆርጬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ ዕቃ አጥቤ እጄን ላደርቅ ፎጣ ሳብኩ። ፎጣው የተሰቀለው ቧንቧው ላይ ነበር። እኔ ቤት ቧንቧው ውሃ አቋርጦ ፎጣ መስቀያ ከሆነ ስንት ጊዜው! እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያተምኩት የውሃ ካርድ ላይ ያለው ሥዕል ከቧንቧ ወደ ብርጭቆ የሚወርድ ውሃ ነው። የሐኪም ጋራዋ ነጂባ ከቧንቧ ውሃ ሲወርድ የት አይታ ታውቃለች? የኛ ልጅ የምታውቀው ውሃ በቢጫ ጀሪካን የሚመጣውን ነው። ጠምቷት ቢሆን እንኳ ሥዕሉ ውሃ መሆኑን በምን ታውቃለች?

ጀሪካኔን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ወደ ነስሮ በረርኩ። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል።

"አቦ፣ ምርቃናዬን አትስበሪ! ጥቁርና ነጭ አትሜ ልስጥሽ?"

"ቢጫ ካልሆነ ከዚህ አልነቃነቅም።"

የቀለም ማተሚያ ያለው ጓደኛው ዘንድ ደውሎ አሳተመልኝ። ሰኞ ማለዳ ከሌሎቹ ካርዶች ጎን ለጠፍኩት።

ሰኞ ረፋድ ላይ አቶ እንደሻው ሩቂያን አስከትለው ገቡ። የሩቂያን ነጠላ ጫማ ጭቃ ነክቶታል፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። እኔ ዘንድ ያለውን የልጇን ቅያሪ ልብስ የምትይዝበት ፌስታል እንኳ አዘጋጅታ ነው የመጣችው።  ነጂባም ሰዓቷ ደርሶ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረች።

"አየሽ?" አሉኝ አቶ እንደሻው።

"ትንሽ ይታገሡኝ" አልኩና ወደ ግድግዳው አመለከትኳት።

ነጂባ መጮኋን ሳታቆም ሄደች። ካርዶቹን አየች። ጩኸቷ ቆመ። የቢጫውን ጀሪካን ካርድ ነቅላ እኔን አለፈችኝ፣ እናቷን አለፈቻት፣ ካርዱን አቶ እንደሻው እጅ ላይ አስቀመጠች። ለካ በሌላ እጃቸው የውሃ ጠርሙስ ይዘው ኖሯል!

"ምን ልሁንላት?" አሉ ግራ ገብቷቸው።

"ውሃ ጠየቀችዎት እኮ! ይስጧት እንጂ!" ጮህኩባቸው፤ አለቃዬ መሆናቸው ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ከፍተው ሰጧት። ጠጣች። ካርዱን እንደገና አንሥታ ሰጠቻቸው፤ እንደገና ሰጧት። ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን ሁለቱም አልሰለቹም። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት።

ሩቂያ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ያ ረቢ! ቤት ውስጥም ጀሪካኑ ሥር ሄዳ ነው የምታለቅሰው። ልትደፋብኝ መስሎኝ ከፍ አድርጌ እየሰቀልኩባት እቆጣት ነበር። ጠምቷት ኖሯል፤ ወላሂ ጠምቷት ኖሯል" እያለች የልጇን እግር አቅፋ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

አቶ እንደሻው ባዶውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ትቆይ" አሉ።

"የጎረቤት ክፍሎቹስ?" አልኳቸው፤ ነገረኛ ነኝና።

"ውሃ ጠጥቶ ማን ይጮኻል፣ አንቺ ሴት!" ብለው ወጡ።

ወደ ቤት መሄጃ ሰዓት ሲደርስ ካርዱን ግድግዳው ላይ ልመልሰው እጄን ዘረጋሁ። ነጂባ ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው። የመጀመሪያ ቃሏን ማን ይቀማታል? ይዛው ሐኪም ጋራ ወጣች፤ ማክሰኞ ጠዋት ይዛው ተመለሰች።